ዩዲፒን እንተወው? ሲዘዋወር ለሰነበተው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዩዲፒ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሰንብቷል። ዩዲፒ ማለት ኮምፒውተሮች አስቀድመው ግንኙነት ሳይመሠርቱ መልእክት የሚላላኩበት ፕሮቶኮል ነው። ሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት በር) ትከፍታላችሁ፣ አድራሻና ፖርት (ማሽኑ ላይ ያለውን ፕሮግራም የሚለይ ቁጥር) ትሰጣላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ አለቀ። ጸሐፊው ይህን አልወደዱትም። መደምደሚያቸው ቁርጥ ያለ ነው፦ ቁም ነገር ያለው ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ዩዲፒ ሶኬት አጠገብ መድረስ የለበትም።

ጽሑፉ ግልጽ ነው፤ ለጀማሪም ይገባል። የተሰራጨውም ለዚህ ይመስለኛል። ያሳሰበኝ ጀማሪው ይዞት የሚሄደው ነገር ነው።

ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ዩዲፒ መልእክት ይጥላል፤ የጠፋውንም ማንም አይነግራችሁም ይላሉ። ቲሲፒ (አስቀድሞ ግንኙነት መሥርቶ የጠፋውን ደግሞ የሚልከው ሌላው ፕሮቶኮል) ላይ ግን «ሴንድ» የሚለው የመላኪያ ትእዛዝ ከተሳካ ዳታው ደርሷል ማለት ነው። በዩዲፒ መልእክት ተቆራርጦ ሊደርስ ይችላል። ማስተማመኛ ልጨምርበት ያለ ሰው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ቲሲፒን አበላሽቶ መልሶ ይጽፋል። ፈጣን ነው የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ለአጥቂዎች የተመቸ ነው። ፋየርዎልም ያግደዋል። በመጨረሻ አጭር የናሙና ኮድ አቅርበው፣ ኮዱ ቀጥ ብሎ ሲቀር ያሳያሉ።

መልእክት ይጥላል በሚለው አልከራከርም፤ ይጥላል። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1980 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጡት የፕሮቶኮሉ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 768፣ ሦስት ገጽ ብቻ ነው፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች የሚጻፉባቸው ባለ ቁጥር ሰነዶች ናቸው። መልእክት ለመድረሱም ሆነ ተደግሞ ላለመምጣቱ ዋስትና እንደሌለ እዚያው ተጽፏል። የተደበቀ ነገር የለም። ነገር ግን ጸሐፊው ጥፋቱን ሁሉ ኔትወርኩ ላይ ጣሉት። እስቲ አንድ ሙከራ እንሥራ።

ሊኑክስ ላይ ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። በአንዱ ዩዲፒ ሶኬትን ከአንድ ፖርት ጋር የሚያያይዝ (ባይንድ የሚያደርግ)፣ አንድ መልእክት በተቀበለ ቁጥር አሥር ሚሊሰከንድ የሚተኛ ፕሮግራም አስነሡ። በሌላው ደግሞ አሥር ሺህ ትንንሽ መልእክቶችን በሉፕ ወደ 127.0.0.1፣ ማለትም ወደዚያው ማሽን ራሱ፣ ላኩ። ኬብል የለም፣ ዋይፋይ የለም፣ ራውተር የለም። መልእክቱ ከማሽኑ አልወጣም። ተቀባዩ ግን የሚያገኘው ጥቂት መቶውን ብቻ ነው።

ሌላው የት ገባ? ላኪው ሁሉንም ልኮ ሲጨርስ ተቀባዩ ገና የመጀመሪያዎቹን እያነበበ ነው። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ለእያንዳንዱ ሶኬት መቀበያ ባፈር፣ ማለትም የመጣ መልእክት እስኪነበብ የሚቆይበት ማኅደረ ትውስታ፣ ይይዛል። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች መነሻ መጠኑ 212,992 ባይት ነው። በዚህ ላይ ከርነሉ የሚቆጥረው የመልእክቱን ባይት ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ መልእክት የሚይዘውን ማኅደረ ትውስታ ጭምር ይቆጥራል። ስለዚህ ትንንሽ መልእክትም ቢሆን ቶሎ ይሞላዋል። ከሞላ በኋላ የመጣው ይጣላል። «ኔትስታት» በተባለው ትእዛዝ የዩዲፒ ስታቲስቲክስን ብታዩ የመቀበያ ባፈር ስሕተት የሚለው ቁጥር አድጎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ማንም አይነግራችሁም የሚለው ልክ አይደለም። ከርነሉ ቆጥሮ አስቀምጦታል፤ የጠየቀው የለም እንጂ። ኔትወርኩ ጣለብኝ ከሚሉት መሀል ብዙዎቹ አህያውን ፈርተው ዳውላውን የሚመቱ ናቸው። ማንበቢያውን ትሬድ ከሥራው ትሬድ መለየት፣ ባፈሩን ከፍ ማድረግና ላኪውን ረጋ ማሰኘት አብዛኛውን ነገር ያስተካክለዋል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ያው ሙከራ በቲሲፒ ቢሠራ ምንም አይጠፋም። ባፈሩ ሲሞላ ላኪው ራሱ ቆሞ ይጠብቃል። ፋይል ስትልኩ የምትፈልጉት ይህንን ነው። የሙቀት መለኪያ ንባብ ስትልኩ ግን ላኪው ቆሞ የአሥር ሰከንድ አሮጌ ንባብ ይዞ እንዲጠብቅ አትፈልጉም። አዲሱን ነው የምትፈልጉት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቲሲፒ ላይ «ሴንድ» ተሳካ ማለት ዳታው ደረሰ ማለት አይደለም። ከፕሮግራማችሁ ወጥቶ የራሳችሁ ከርነል ባፈር ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። የዩዲፒው «ሴንድቱ» ሲሳካም ትርጉሙ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የወዲያኛው ማሽን በድንገት መብራት ቢጠፋበትስ? ሊኑክስ የላከው የቲሲፒ ዳታ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ሲያጣ፣ በመነሻ ቅንብሩ 15 ጊዜ ደጋግሞ ይልካል። በየመሀሉ የሚጠብቀው ጊዜ እየረዘመ ስለሚሄድ ተስፋ እስኪቆርጥ 15 ደቂቃ ያልፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባፈሩ እስኪሞላ ድረስ «ሴንድ» ተሳክቷል እያለ ይመልስላችኋል። ማረጋገጫው ቢመጣም የሚነግራችሁ የተቀባዩ ከርነል ዳታውን መያዙን ነው። ፕሮግራሙ ሳያነበው ቢወድቅ፣ ወይም አንብቦ ዲስክ ላይ ሳይጽፈው ቢወድቅ፣ ቲሲፒ የሚያውቀው ነገር የለም።

ኢሜይልን እዩ። የኢሜይል መላኪያው ፕሮቶኮል ኤስኤምቲፒ የሚሠራው በቲሲፒ ላይ ነው። ሆኖም ተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን ከተረከበ በኋላ 250 የሚል መልስ ይሰጣል። ላኪው ያን ሳያይ መልእክቱን ከወረፋው አያወጣም። ቲሲፒ በቂ ዋስትና ከሆነ ይህ መልስ ምን ይሠራል? ዳታቤዝም እንደዚሁ ነው። «ኮሚት» ካላችሁ በኋላ መልስ ትጠብቃላችሁ። ሥራው መሠራቱን ሊናገር የሚችለው ሥራውን የሠራው ፕሮግራም ብቻ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ጄሮም ሳልትዘር፣ ዴቪድ ሪድና ዴቪድ ክላርክ ይህንኑ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደንብ ተከራክረውበታል። ሪድ ደግሞ ዩዲፒን ከነደፉት አንዱ ናቸው፤ ግጥምጥሞሹ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወደ ቲሲፒ ስለዞራችሁ ብቻ «ደርሶኛል» የሚለውን መልስ ከመጻፍ አትድኑም።

መልእክት ተቆራርጦ ይደርሳል የሚለው ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። በቲሲፒ መቶ መቶ ባይት ሁለት ጊዜ ላኩ። ወዲያ ማዶ አንዴ ሲነበብ 200 ሊመጣ ይችላል፤ 37ም ሊመጣ ይችላል። ቲሲፒ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ የባይት ጅረት እንጂ መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም። የት ጋ እንደሚያልቅ ርዝመት እየጻፋችሁ ወይም ምልክት እያስገባችሁ የምትለዩት እናንተ ናችሁ። ይህን የረሳ ኮድ በራስ ማሽን ላይ ሲሞከር ጥሩ ሠርቶ፣ እውነተኛ ኔትወርክ ላይ ሲወጣ ይበላሻል። ዩዲፒ ላይ የላካችሁት ዳታግራም (አንድ የዩዲፒ መልእክት) ወይ ሙሉው ይደርሳል፣ ወይ ጭራሽ አይደርስም።

ጸሐፊው ያዩት ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ግን እገምታለሁ። ለመቀበል ያዘጋጃችሁት ባፈር ከመልእክቱ ካነሰ ሊኑክስ ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ካልጠየቃችሁት በቀር ምንም አይልም። ዊንዶውስ በተመሳሳይ ቦታ ስሕተት ይመልሳል። መፍትሔው በቂ ባፈር መስጠት ነው፤ እዳው ገብስ ነው። ልብ የሚያስፈልገው መጠኑ ላይ ነው። በአይፒ ስሪት 4 አንድ ዳታግራም እስከ 65,507 ባይት ዳታ ይይዛል። ተራ ኢተርኔት ግን በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው 1,500 ባይት ነው። የአይፒውን 20 እና የዩዲፒውን 8 ባይት ራስጌ ስትቀንሱ 1,472 ይቀራል። ከዚያ ካለፈ አይፒ ይከፋፍለዋል፤ ከቁራጮቹ አንዱ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ። የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት) ሰዎች በ2020 በ1,232 ባይት ላይ የተስማሙት ለዚህ ነው። ከ1,200 ባትበልጡ ሰላም ታድራላችሁ።

ቲሲፒን አበላሽታችሁ ትጽፋላችሁ የሚለው ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። አንድ ጊጋባይት ፋይል በቅደም ተከተል ማድረስ ከሆነ ሥራችሁ፣ በዩዲፒ ከባዶ አትጀምሩት። ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ሁሉም ሥራ ፋይል ማድረስ አይደለም። ዲኤንኤስ አንድ ጥያቄ ይልካል፣ አንድ መልስ ይጠብቃል። መልስ ከዘገየ ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ቢደርስ ምንም አይበላሽም። ማስተማመኛው ያለው እዚሁ ነው፦ የጥያቄ መለያ ቁጥር፣ የጊዜ ገደብና ድጋሚ መላክ። ይህ ቲሲፒን መልሶ መጻፍ ነው? አይደለም።

ጌም ላይ የተጫዋች ቦታ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይላካል። ከመሀል አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ይተካዋል። መልእክቱ መጀመሪያ ላይ አራት ባይት ተራ ቁጥር አድርጉ። የመጣው ቁጥር ካያችሁት የመጨረሻ ቁጥር ካነሰ ጣሉት። በቃ። ቲሲፒ ላይ ግን የጠፋውን አሮጌ ቦታ ደግሞ እስኪያመጣ አዲሱን ከርነል ውስጥ አስሮ ያስጠብቃችኋል።

ሌላው ኩዊክ የተባለው ፕሮቶኮል ነው። በ2021 አርኤፍሲ 9000 ሆኖ ወጣ። የድረ ገጽ ፕሮቶኮል የሆነው ኤችቲቲፒ 3 በ2022 በእሱ ላይ ተመሠረተ። ኩዊክ የሚጓዘው በዩዲፒ ነው። ድጋሚ መላክም፣ ቅደም ተከተልም፣ የመጨናነቅ ቁጥጥርም አለው። ግን አንዱ ጅረት ላይ የጠፋ ፓኬት ሌላውን ጅረት አያስቆምም። ቲሲፒ ይህን ማድረግ አይችልም። ማስተማመኛ በዩዲፒ ላይ መገንባት የግድ ቲሲፒን መድገም እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ተራ ፕሮግራመር እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን ይጻፍ አልልም፤ የተዘጋጀ ላይብረሪ ሞልቷል።

የገረመኝ፣ ጸሐፊው በዚህ ክፍል ትልቁን ክስ ረስተውታል። እኔ ላቅርበው። ዩዲፒ ላይ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ቀንስ የሚላችሁ የለም። በኦክቶበር 1986 በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል የነበረው መስመር በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ላኪዎቹ ኔትወርኩ በጨነቀው ቁጥር እየደጋገሙ ይልኩ ነበር። የሚያስቀው፣ ይህ የደረሰው በቲሲፒ ላይ ነው። ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን በ1988 መፍትሔውን እስኪያሳትሙ ድረስ ቲሲፒ ራሱ ይህን ጠባይ አያውቅም ነበር። ጠባዩ የሚመጣው ከላኪው ኮድ ነው። በዩዲፒ ላኪው ኮድ የእናንተ ነው። መልስ ሲጠፋ የድጋሚውን ጊዜ በየጊዜው እጥፍ አርጉት። ብዙ ዳታ የምታፈሱ ከሆነ አርኤፍሲ 8085ን ሳታነቡ አትጀምሩ፤ ስለዚሁ ነው የተጻፈው።

ፍጥነትን በተመለከተ ጸሐፊው የተቃወሙት አባባል በእርግጥም ልቅ ነው። የዩዲፒ ፓኬት በኬብሉ ውስጥ ከቲሲፒ ፓኬት ቀድሞ አይሮጥም። ብዙ ዳታ በማፍሰስ ረገድ እንዲያውም ቲሲፒ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ከርነሉና የኔትወርክ ካርዱ ለዓመታት ተስለውበታል። ነገር ግን ልዩነቱ ያለው መዘግየት ላይ ነው። ቲሲፒ የመጀመሪያውን ባይት ከመላኩ በፊት አንድ ደርሶ መልስ ለሰላምታ ያወጣል። የኔትወርክ መፍጠን ይህን አያጠፋውም፤ ርቀት ርቀት ነው።

ድምፅ ላይ ነገሩ ይብሳል። የኢንተርኔት ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅን በ20 ሚሊሰከንድ እየቆረሰ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል። አንዱ ሲጠፋ ጆሮ ብዙም ሳያውቀው ያልፋል። ቲሲፒ ቢሆን የጠፋው ተደግሞ እስኪመጣ የተከተሉት ሁሉ ይታገዳሉ። ሊኑክስ ላይ ድጋሚ መላኪያው ሰዓት ከ200 ሚሊሰከንድ አይወርድም፤ እሱ ከተጠበቀ አሥር ቁራጭ ድምፅ አንድ ላይ ቆመ ማለት ነው። ቲሲፒና አይፒ በ1978 ለሁለት የተከፈሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነበሩ። ድምፅ በኔትወርክ ያስተላልፉ የነበሩት ዳኒ ኮኸንና ጓደኞቻቸው ማስተማመኛው ሳይጫንብን ፓኬት መላክ እንፈልጋለን ብለው ተከራከሩ። ዩዲፒ የተወለደው ከዚያ ክርክር ነው።

ደኅንነት ላይ ብዙ አልከራከርም፤ እዚህ ጸሐፊው የሚሉት ይበልጡን እውነት ነው። በዩዲፒ የላኪን አድራሻ አስመስሎ መጻፍ ቀላል ነው። አጥቂው በእናንተ አድራሻ ትንሽ ጥያቄ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል፤ ግዙፉ መልስ እናንተ ላይ ይወርዳል። በፌብሩዋሪ 2018 ጊትሃብ ላይ በሰከንድ 1.35 ቴራቢት የወረደው በየቦታው ክፍት በተተዉ የሜምካሽድ (የዳታ መሸጎጫ ሶፍትዌር) ሰርቨሮች በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ሜምካሽድ ዩዲፒን በመነሻ ቅንብሩ ዘጋው። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በ2003 የተነሣው ስላመር የተባለው ዎርም (ራሱን በራሱ የሚያሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) ደግሞ ሙሉ አካሉ 376 ባይት ነበር፤ በአንድ የዩዲፒ ፓኬት ገብቶ አለቀ።

ግን ከዚህ ተነሥቶ ዩዲፒን ተዉት ማለት ውሃ አያነሳም። ቲሲፒም ሰላምታውን ብቻ በመላክ የሚጥለቀለቅበት ጥቃት ከ1996 ጀምሮ ሲያስቸግረው ኖሯል፤ ቲሲፒን ተዉት ያለ የለም። መከላከያው ይታወቃል። ጠያቂው በእርግጥ በአድራሻው መኖሩ ሳይረጋገጥ ከጥያቄው የሚበልጥ መልስ አትስጡ። ኩዊክ አድራሻው እስኪረጋገጥ ከተቀበለው ሦስት እጥፍ በላይ አይልክም፤ ደንበኛውም የመጀመሪያውን ፓኬት ቢያንስ 1,200 ባይት አድርጎ እንዲሞላ ያስገድዳል። ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ማንነቱ በቁልፍ ላልተረጋገጠ ሰው ጭራሽ አይመልስም፤ ፖርቱን የሚፈትሽ ሰው ምንም እንደሌለ ነው የሚያየው።

ፋየርዎል ያግደዋል? አንዳንዱ ያግደዋል። ለዚህ ነው ብራውዘሮች ኩዊክ ሲታገድባቸው ወደ ቲሲፒ የሚመለሱት። እናንተም መመለሻ መንገድ አዘጋጁ። ናት የሚሠሩ (ብዙ ማሽኖችን በአንድ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጡ) መሣሪያዎች ዝም ያለ የዩዲፒ መስመርን ቶሎ ይረሳሉ፤ የሊኑክሱ መነሻ ለአንድ ወገን ልውውጥ 30 ሰከንድ ነው። የዋየርጋርድ ሰዎች በየ25 ሰከንዱ አንድ ባዶ ፓኬት ላኩ ብለው የሚመክሩት ከዚህ ለመቅደም ነው።

የቀረው ኮዱ ነው። የጸሐፊው ናሙና ፓይተን ላይ አምስት መስመር ገደማ ነው። ዩዲፒ ሶኬት ይከፍታል፣ በራሱ ማሽን ላይ ማንም ወደማያዳምጥበት ፖርት በሴንድቱ ይልካል፣ ከዚያ ሪሲቭፍሮም ላይ መልስ ይጠብቃል። ቀጥ ይላል። ጸሐፊው እንግዲህ ይኸው፣ ዩዲፒ ስሕተት እንኳ አይነግራችሁም አሉ።

ያው ኮድ ላይ ከመላኩ በፊት ኮኔክት ጨምሩ፤ ሴንድቱን በሴንድ፣ ሪሲቭፍሮምን በሪሲቭ ተኩ። አዎ፣ ዩዲፒ ሶኬት ላይ ኮኔክት ይሠራል። አንድም ፓኬት አይልክም። የማነጋግረው ይህን አድራሻ ነው ብሎ ከርነሉ ላይ ያስመዘግባል፣ ያ ብቻ ነው። አሁን አስኪዱት። ሊኑክስ ላይ ሴንድ ይሳካል፤ ሪሲቭ ላይ ግን ወዲያው ግንኙነቱን አልቀበልም ተብሏል የሚል ስሕተት ይወጣል። ምን ተለወጠ? በሁለቱም ጊዜ ማሽኑ እዚህ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ የለም የሚል የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስሕተት ማሳወቂያ ፕሮቶኮል) መልእክት መልሷል። ኮኔክት ያላደረገ ሶኬት በአንድ ጊዜ ከብዙ አድራሻ ጋር ሊያወራ ስለሚችል ሊኑክስ ያን ስሕተት አያቀብለውም። ኮኔክት ያደረገውን ግን ባለቤቱን ያውቀዋል። በዚያ ላይ ከሌላ አድራሻ የሚመጣ ፓኬት ወደዚህ ሶኬት አይገባም። ዊንዶውስ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ኮኔክት ባላደረገ ሶኬት ላይም ቢሆን ሪሲቭፍሮም ስትሉ 10054 የሚል ስሕተት ይሰጣል፣ ግንኙነቱ ተቋረጠ ይላል። የሌለ ግንኙነት ተቋረጠ ማለት ነው! አንድ ደንበኛ በመሄዱ ብቻ ሰርቨራቸው ወድቆባቸው ሰዓታት የፈጁ ሰዎች አሉ።

በመሀል ያለ ፋየርዎል የአይሲኤምፒውን መልእክት ሊውጠው ስለሚችል ኮኔክት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሴትታይምአውት ብላችሁ ሁለት ሰከንድ ስጡት፤ ሲያልፍ አንዴ ይድገም፣ አሁንም ከጠፋ ስሕተቱን ለተጠቃሚው ይንገር። የጸሐፊው ኮድ በጥቂት መስመር ይረዝማል፤ ቀጥ ማለቱንም ይተዋል።